አልጠራሁሽም

የቬስትቢ ቤተሰብ ቤት በዊስኮንሲን ኮረብቶች መካከል፣ ጥርጊያው መንገድ አልቆ ሣሩ ከሚጀምርበት ቦታ ነው። ነጭ ቤት፣ ቀይ በረት፣ አርባ ሁለት ላሞች፣ ሦስት ሰዎች። ላሞቹን ከሰዎቹ ያስቀደምኩት ተሳስቼ እንዳይመስላችሁ፤ ኦርቪል ቬስትቢም የሚቆጥረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። በሠርጉ ማግስት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ቦት ጫማውን ሲፈልግ ሚስቱ ሎርና ዓይኗን ሳትገልጥ «ዛሬ እንኳ?» ብትለው፣ «ላሞቹ ሠርጉ ላይ አልነበሩም፤ ማን ይንገራቸው?» ብሏት ወጣ። ሎርና ይህንን ወሬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ስታወራ መጨረሻው ላይ ሳትደርስ በሳቅ ትፈርሳለች። ደስተኞች ነበሩ። ያ ቤት ዕንባ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው አይመስልም ነበር።

የእኛ ሸለቆ ሰው ቃል ይቆጥባል። አያቶቻችን ከኖርዌይ ሲመጡ ግማሹን ቋንቋ ባሕር ላይ ጥለውት ይሁን አላውቅም። ትልቁ ምስጋናችን «መጥፎ አይደለም» የምትለዋ ናት። ብሪታ በተወለደች ቀን ነርሷ ሕፃኗን ስታቀብለው ኦርቪል ለረጅም ጊዜ አይቷት «መጥፎ አይደለችም» አለ። ነርሷ ከሩቅ የመጣች ነበረችና ተቀየመችው፤ ሎርና ግን አለቀሰች፤ ባሏ እንዲህ አብዝቶ ሲያመሰግን ሰምታ አታውቅምና። ስንብታችንም የራሱ ወግ አለው። ሌላ አገር ሰው ጭኑን የሚመታው ሲያዝን ወይም ጉድ ሲሰማ ነው አሉ። እኛ ጋ ግን ሰው ሁለት ጭኑን በሁለት መዳፉ ጧ አድርጎ መትቶ «በሉ እንግዲህ» ካለ፣ ልሄድ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ተቀምጦ ያላወራውን ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያወራል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ፓስተራችን እንኳ ጭናቸውን ሳይመቱ ከወንበር አይነሱም።

ኦርቪል አንድ የማይቆጥበው ነገር ነበረው፤ ድምፁን። ላም ለመጥራት ያለችን ቃል አንዲት ናት፣ «ካም ባስ»። ትርጉሟን የጠየቀ የለም፤ አባቶቻችን ሲሏት ሰማን፣ እኛም እንላታለን። ኦርቪል አመሻሽ ላይ በግጦሹ በር አጠገብ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ከቴርሞሱ የቀረችውን ቡና በክዳኑ ይጠጣል። ከዚያ ይነሳል፣ አተላውን ይደፋል፣ የበሩን ሰንሰለት ያላቅቃል፣ ደረቱን ይሞላል። «ካ...ም ባ...ስ» ሲል ድምፁ ከኮረብታ ኮረብታ እየተላተመ ይወርዳል። ዶሪስ የምትባለው መሪዋ ላም ከፊት፣ ሌሎቹ ተሰልፈው ከኋላዋ ይመጣሉ። በወረዳው የእርሻ ትርኢት ላይ በሚደረገው የላም ጥሪ ውድድር አራት ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ጎረቤቱ አርላን «የኔ ሚስት እራት የምታቀርበው ሰዓት አይታ አይደለም፣ ኦርቪልን ሰምታ ነው» ይል ነበር። ትንሿ ብሪታም ጅረት ውስጥ ተነክራም ይሁን ዛፍ ላይ ወጥታ ያንን ድምፅ ስትሰማ ከላሞቹ ጋር ከተፍ ትላለች። አባቷም በሩን ሲዘጋ «አርባ ሦስተኛዋም ገባች» ይላል።

አርባ ሦስተኛዋ አደገችና ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመረጠችው ትምህርት የሕያዋን ሥርዓት ምህንድስና ይባላል፤ ድልድይና ሞተር የሚሠራበትን ስሌት ለአፈር፣ ለውሃ፣ ለእህል፣ ለወተትና ለከብት የሚያውሉበት ሙያ ነው። ኦርቪል ይህንን እራት ላይ ሲሰማ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ላም ሥርዓት አላት?»

«አላት፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ። ትበላለች፣ ከዚያ ትጥላለች። ይሄ አራት ዓመት ይፈጃል?»

«ተዋት፣ ኦርቪል» አለች ሎርና።

«ተውኳት እኮ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር። እኔ አርባ ሁለት በምድር እያሉኝ ልጄ የሰማዩዋን ልታልብ ትሄዳለች።»

እንዲህ ይበል እንጂ የልጁን ማቀዝቀዣ ተሸክሞ አራት ፎቅ የወጣው እሱ ነው። በማግስቱም አርላንን መንገድ ላይ አስቁሞ «ልጄ ኢንጂነር ልትሆን ነው» ብሎታል። ለእሷ ግን አልነገራትም። እሷ ደግሞ ከዚያ ሰው አፍ አንዲት «መጥፎ አይደለም» ለመስማት ስትል ሰማይ ድረስ ወጥታ ላሟን ከማለብ የማትመለስ ነበረች።

ትምህርቱን ወደደችው። በጎተራ ውስጥ ያለች የበቆሎ ፍሬ እንደምትተነፍስ፣ ብዙዎች አብረው ሲተነፍሱ ጎተራው እንደሚግል፣ ያ ሙቀት በቁጥር ተይዞ በአየር ማናፈሻ እንደሚበርድ ስትማር የአያቷ ጎተራ ለምን እንደተቃጠለ በሃያ ዓመቱ ገባት። ከጓደኞቿ ጋር እስከ ጉልበታቸው ጅረት ውስጥ ገብተው የውሃ ፍጥነት ይለካሉ፤ አንዱ አዳልጦት ከነመሣሪያው ሲጠልቅ መጀመሪያ ያወጡት መሣሪያውን ነው። ከእበት ጋዝ እንዴት እንደሚወጣ ሲሞክሩ ውለው ካፍቴሪያ ሲገቡ ዙሪያቸው ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ይሆናል፤ እነሱ ደግሞ «ለክብር እንግዶች የተያዘ ነው» እያሉ እግራቸውን ዘርግተው ይበላሉ። ያኔ ያያት ሰው ከእሷ በላይ ደስተኛ ተማሪ አለ ብሎ አያምንም።

በሁለተኛው ዓመት ፕሮፌሰር ናሊኒ ራጋቨን የሚባሉ፣ በቀይ ብዕራቸው የሚፈሩ መምህርት አንድ የቤት ሥራ ሰጡ፤ ሕያው ፍጡር ለምልክት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ ለክታችሁ አምጡ የሚል። ብሪታ ከአባቷ ሌላ ማን ጋ ትሂድ? በላሞቹ አንገት ላይ እንቅስቃሴ የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች አሰረች፣ በግጦሹ በር ላይ ድምፅ መቅጃ አንጠለጠለች፣ አባቷም ሳምንት ሙሉ ጠራ። ቁጥሩ ሲወጣ ግን ጉድ ሆነ፤ ላሞቹ የሚነሱት ኦርቪል ሳይጠራቸው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ቀድመው ነው። ፕሮፌሰሯ በቀይ እንዲህ ጻፉባት፤ «ውጤት ምክንያቱን አይቀድምም። የመቅጃሽ ሰዓት አሥራ አንድ ሰከንድ ስቷል፤ አስተካክዪው።» ብሪታ ሰዓቱን በአሥራ አንድ ሰከንድ ገፋችው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ጥሩ ማርክም አገኘች። ኦርቪል ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ስጠራቸው እንደሚመጡ ለማወቅ ኮምፒውተር አስፈለገ?» አለ። ከዚያ በረት ውስጥ፣ አይጥ የማትደርስበት ምሰሶ ላይ በሚስማር ሰቀለው።

ወይ ያቺ ዓመት! ምነው እዚያው ላይ ቆማ በቀረች! ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል። መጀመሪያ ማዕበል መጣና የበረቱን ጣራ ግማሹን ገሽልጦ የአርላን ማሳ ላይ ጣለው። ቀጥሎ ሎርና በረዶ ላይ ወድቃ ጉልበቷን ሰበረች፤ ዳነች ቢባልም ከዚያ ወዲህ ዳገት ጠላቷ ሆነ። ይህም ሳያንስ የኦርቪል ድምፅ ይሻክር ጀመር። «ጉንፋን ነው» አለ በኅዳር። «ጉንፋን ነው» አለ በየካቲት። በሚያዝያ ሎርና የመኪናውን ቁልፍ ይዛ በር ላይ ቆመችና «ወይ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ፣ ወይ ቁርስህን ላሞቹ ይሥሩልህ» አለችው። ሄደ። የማንቁርት ካንሰር ነበር። ሐኪሞቹ ሕይወቱን ሊያተርፉለት እንደሚችሉ፣ ድምፁን ግን እንደማይችሉ ነገሩት። ቀዶ ጥገናው የተያዘለት ቀን ብሪታ በሦስተኛ ዓመቷ የመጨረሻውን ከባድ ፈተና ከምትቀመጥበት ቀን ጋር ገጠመ።

በዋዜማው ስልክ ደወለች። ድምፁ ተቀዶ ሊያልቅ እንደደረሰ ጨርቅ ነበር።

«ፈተናውን ትቼ ልምጣ፣ አባዬ።»

«መጥተሽ ምን ልትሠሪ?»

«ምንም አልሠራም። አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

«አልጠራሁሽም» አላትና ስልኩን ዘጋው።

ልቡ ሌላ ነበር። ልጄ በእኔ ምክንያት አንድም ነገር አይቅርባት፤ አልጋ ላይ ተዘርግቼም አትየኝ ነበር ያለው በልቡ። ግን ልብ የሚለውን ማን ይሰማዋል? በማግስቱ ጠዋት ማንቁርቱ ወጣ። ያ ኮረብታ የሚያናውጥ ድምፅ ለልጁ የተወላት የመጨረሻ ቃል «አልጠራሁሽም» የሚል ሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ በቅቤ በተሞላው የእኛ ሸለቆም አልታሸም። ብሪታ ፈተናውን ተቀመጠች፣ አለፈችም። ወረቀቱ ላይ የተንጠባጠበውን ምን እንደሆነ ፈታኙ አልጠየቃትም።

ሐኪም ቤቱ አንገት ላይ የምትደገፍ፣ የእጅ ባትሪ የምታክል የመናገሪያ መሣሪያ ሰጠው። ሎርና የሐኪም ቤቱን ማሳያ ስትሞክር ድምፁ በቆርቆሮ ውስጥ የታሰረ ንብ ይመስል ነበር። ኦርቪል የራሱን ተቀብሎ ከነላስቲኳ ቱታው ኪስ ውስጥ ከተታት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አላያትም። የሚፈልገውን በትንሽ ደብተር ይጽፋል። ለሎርና ይጽፋል፣ ለአርላን ይጽፋል፤ ለብሪታ ግን በዚያ በጋ «በሩን ዝጊ» እና «ጨው» ከሚሉት ሌላ አልጻፈላትም። ተቀይሟት አይደለም። ያንን ቃል እንዴት አድርጎ በእርሳስ እንደሚያነሳው ጨንቆት ነው። እሷ ደግሞ አባቴ አሁንም አልጠራኝም አለችና አንጀቷ አረረ። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች በአንዲት ቃል ግራና ቀኝ ቆመው ዓመት ሲያስቆጥሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ግጦሹ በርም አልተመለሰም። ድምፅ የሌለው ሰው እዚያ ምን ይሠራል? የማታ የማታ የትራክተሩ መጋዘን ውስጥ ገብቶ ለሣሩ ጀርባውን ሰጥቶ ብሎን ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል። ላሞቹም መምጣት ተዉ። ሎርና ጠራች፤ የሷ «ካም ባስ» ሰውን ኬክ ቅመሱ የሚል ይመስል ነበርና ቀና ብለው አይተዋት ወደ ሣራቸው ተመለሱ። ብሪታ ጉሮሮዋ እስኪደማ ጠራች። በመጨረሻ አርላን በሞተሩ እየዞረ እያባረረ ሁለት ሰዓት ሲለፋ ነው የሚገቡት፤ ያኔም ደንግጠው ወተታቸውን ይይዛሉ፣ ጡታቸው ያብጣል። በነሐሴ ሦስቱ ታመሙ።

አራተኛው ዓመት ላይ እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ሰው እውነተኛ ችግር ይዞ መፍትሔ መሥራት አለበት። ብሪታ «ባለጉዳይ» በሚለው ቦታ ላይ «ኦርቪል ቬስትቢ» ብላ ጻፈች፤ ባለጉዳዩ አያውቅም። እናቷ በትርኢቱ ውድድር ላይ የቀረጸችውን ፊልም አውጥታ የአባቷን ድምፅ ከጭብጨባው አጠራች፣ በግጦሹ በር ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተከለች። አንድ የጥቅምት አመሻሽ ላይ ቁልፉን ተጫነችው። «ካ...ም ባ...ስ!» ሸለቆው ከአምስት ወር በኋላ ያንን ድምፅ ሰማ።

ላሞቹ ጆሯቸውን አነሱ። ከዚያ ማመንዠካቸውን ቀጠሉ። የመጣው አርላን ነው፤ መኪናውን በሣሩ ላይ እያስጋለበ መጥቶ፣ በሩን ሳይዘጋ ወርዶ፣ ዕንባው በጉንጩ እየወረደ «ተናገረ? ኦርቪል ተናገረ?» አለ። ድምፅ ማጉያውን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ኦርቪልም ከመጋዘኑ ወጥቶ ነበር። የገዛ ድምፁ ኮረብታውን ዞሮ ሲመለስ እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ አንድም ላም እንዳልመጣች አየ። ወደ ቤት ገባና ለሎርና ጻፈላት። «ለድምፄም አልመጡም። በግንቦት እንሽጣቸው።»

ሐራጁ በግንቦት የመጀመሪያ ቅዳሜ ሊደረግ ተቆረጠ፤ የብሪታ ምረቃ ከዚያ በሳምንቱ ነው። ክረምቱን፣ ያንን አምስት ወር የሚቆይ በረዶ፣ ያ ቤተሰብ እንዴት እንዳሳለፈው አልነግራችሁም። ሎርና እንኳ የሠርጉን ወሬ ማውራት ትታ ነበር።

ሐራጁ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ብሪታ ፕሮፌሰር ራጋቨን ቢሮ ገባች። የመጨረሻውን ሪፖርት ልታስረክብ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው ለምን እንዳልሠራ ማስረዳት ግን አልቻለችም። ስትፈልግ አድራ አንድ ነገር አግኝታለች።

«ፕሮፌሰር፣ የሁለተኛ ዓመቱን የቤት ሥራዬን ያስታውሱታል?»

«ሰዓቱ ስቶ የነበረው?»

«አልሳተም። ትናንት ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ጋር አመሳከርኩት። ላሞቹ በእውነት አሥራ አንድ ሰከንድ ቀድመው ነው የሚነሱት።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሰሚኝ እስቲ» አሉ። ድምፁን ከፈተችው። ነፋስ፣ ወፍ፣ የቴርሞስ ክዳን ሲከፈት፣ ዝምታ... ከዚያ ሰንሰለት፣ ከዚያ የአባቷ ጥሪ። ብሪታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ይሄ የሚያጨበጭበው ማን ነው?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ማንም አያጨበጭብም።»

«እንደገና ስሚው።»

ሰማች። ጧ! ሁለት መዳፍ፣ ሁለት ጭን፣ ወፍራም የቱታ ጨርቅ፤ ከዚያም በለሆሳስ «በል እንግዲህ»። ያንን ቅጂ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ያቺን ጧታ ግን አንድም ቀን ሰምታት አታውቅም። በእኛ ሸለቆ ተወልዶ ማን ይሰማታል? ፓስተሩ ይመቷታል፣ አርላን ይመታታል፣ የራሷ የብሪታ እጅም ይመታታል። የሰሟት ሕንድ አገር፣ ማድራስ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ሁለቱ ቁጥሩን አንድ ላይ አዩት፤ የዶሪስ አንገት ቀና ያለው ከጧታዋ በኋላ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ነው። እግሯ ተነሳ፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ኦርቪል በዚያ ሰዓት ገና ከባልዲው ላይ እየተነሳ፣ አተላውን እየደፋ፣ ሰንሰለቱን እያላቀቀ ነው። «ካም ባስ» የመጣችው ላሞቹ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ፕሮፌሰሯ የድሮውን ወረቀት ከፋይላቸው አውጥተው የገዛ ጽሑፋቸውን በቀይ ብዕር ሰረዙት። «ላሟ አልተሳሳተችም» አሉ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

ሁለቱን ሰዓት መንገድ እንዴት እንደነዳችው ፖሊስ ባይሰማ ይሻላል። ለእናቷ ብቻ በጆሮዋ ነገረቻት። ሎርና ቴርሞሱን ሞላችና መጋዘኑ ድረስ እያነከሰች ሄዳ ባሏን «ነገ ይሄዳሉ። ውጣና ተሰናበታቸው። ሠላሳ ዓመት አጥብተውሃል፣ ደህና ሁኑ ማለት አይገባም?» አለችው።

ኦርቪል ወጣ። ባልዲውን ገለበጠና ተቀመጠ። ብሪታ አጥሩ ላይ ተደግፋ ቆመች። ለምን አልነገረችውም ትሉ ይሆናል። ኦርቪልን ስለማታውቁት ነው፤ ጭንህን ምታ ቢሉት እጁን ኪሱ ይከታል። ደግሞም ቢመታ እንኳ ላሞቹ ካልመጡስ? ይህ ሰው ሁለተኛ እንቢታቸውን ችሎ ይኖራል? ስለዚህ ዝም አለች። አንድ ነገር ብቻ ታውቃለች፤ ከዚህ ወረዳ ሰው ሆኖ ጭኑን ሳይመታ ከመቀመጫው የተነሳ የለም።

ላሞቹ ከታች፣ ከጅረቱ ማዶ ይግጣሉ። ኦርቪል ቡናውን በዝግታ ጠጣ። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። «ሰዎቹ ነገ ስንት ሰዓት ይመጣሉ?»

«ጠዋት ነው የሚመጡት፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። እርሳሱን እንደገና አነሳ። «ያን ቀን» ብሎ ጻፈ፤ አልጨረሰውም። ደብተሩን አጠፈው። ዶሪስን አንዴ አያት። ያቺ ዕይታ ዕድሜ ልክ አብረው ኖረው የሚለያዩ ሰዎች የሚተያዩት ዓይነት ነበረች። ከዚያ ሁለቱን ትልልቅ መዳፎቹን አንስቶ ጭኑን መታ። ጧ!

ልሂድ ማለቱ ይሁን፣ እንደ ሌላው አገር ሰው ሐዘን አስመትቶት ይሁን እግዜር ይወቅ። ተነሳ። አተላውን ደፋ። ጀርባውን ለግጦሹ ሰጥቶ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ብሪታ በልቧ ትቆጥር ነበር፤ አራት... አምስት... ስድስት... አሥር ላይ ስትደርስ የጅረቱ ውሃ ተንቦጫረቀ።

ኦርቪል ቆመ። ዞር አላለም፤ ፈራ። ዳገቱን የሚወጣ የሰኮና ድምፅ፣ የብዙ ትንፋሽ ድምፅ ከኋላው ቀረበ። ከዚያ አንድ እርጥብ አፍንጫ በበሩ ብረት መካከል ወጥቶ ወገቡን ገፋው። ዶሪስ ናት። ከኋላዋ አርባ አንዱ ተሰልፈዋል፤ እስከ ዛሬ የት ነበርክ የሚሉ ይመስላሉ።

ያ ሰው አለቀሰ። ድምፅ የሌለው ሰው ሲያለቅስ አይታችሁ ከሆነ አታስታውሱት፤ ካላያችሁም አይግጠማችሁ። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ብሪታ ሮጣ አቀፈችው፣ በዕንባዋ መካከልም ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ነገረችው፤ አሥራ አንዱን ሰከንድ፣ ጧታዋን፣ የማድራሷን ፕሮፌሰር። «ድምፅህ አልነበረም፣ አባዬ። ካንሰሩ የወሰደው ሌላ ነገር ነው። የሚጠሯቸው እጆችህ ናቸው፤ እጆችህ ደግሞ አሉ።»

ኦርቪል ሰማት። መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ከዚያ ቱታው ኪስ ገብቶ ያቺን የመናገሪያ መሣሪያ አወጣት፤ ላስቲኳ እንኳ አልተላጠም ነበር። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደው፣ አንገቱ ላይ ደገፋት፣ ተጫናት። የቆርቆሮ ንብ ድምፅ ወጣ፤ ለብሪታ ግን ከዚያ ያማረ ድምፅ በዓለም የለም።

«ያን ቀን» አለ። «ፈልጌሽ ነበር። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ልጁ። አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን አወቀች።

በሩን ሲዘጋ ሎርና መስኮቱ ላይ ቆማ ሰማችው፤ «አርባ ሦስተኛዋም ገባች።»

በማግስቱ ሐራጅ የሚያካሂዱት ሰዎች ሲመጡ ኬክና ቡና ቀርቦላቸው፣ ወሬው ተነግሯቸው፣ በባዶ መኪና ተመለሱ። አንደኛው ሲነሳ ጭኑን ቢመታ ዶሪስ ከበረት ጮኸች፤ ያንን ሳቅ እስከ አርላን ቤት ሰምተውታል።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መድረክ መሪው «የሁሉም ስም እንዲሰማ እባካችሁ አትጩኹ» ብሎ ቢለምንም ማን ሰምቶት፤ አንዱ ጥሩምባ ነፋ፣ አንዷ እልል አለች። «ብሪታ ቬስትቢ» ሲባል ግን ከቬስትቢዎች ረድፍ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ሎርና አፏን በመሐረብ ይዛለች፣ አርላን ኮፍያውን ጨምድዷል። ብሪታ መድረኩን አጋምሳ እጇን ለመጨበጥ ዘረጋች። ያኔ ከሦስተኛው ረድፍ፣ በአዲስ ሱሪ ላይ፣ ጧ!

እንዳትስቁባት። ዲግሪዋን ሳትቀበል፣ የተዘረጋላትን እጅ አየር ላይ ትታ፣ እግሯ ሳታዝዘው ዞረ። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ከታች አባቷ ቆሞ ሁለት መዳፎቹን ወደ እሷ ዘርግቶ ነበር። ፕሮፌሰር ራጋቨን ከመምህራኑ መካከል ሰዓታቸውን አይተው ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ።

በኋላ ደጅ ላይ ዲግሪውን ተቀብሎ አነበበው፣ ገልብጦም ጀርባውን አየው። መሣሪያዋን አንገቱ ላይ ደገፈና «መጥፎ አይደለም» አለ። አዲሷ ኢንጂነር ቆቧ ወድቆ፣ ቀሚሷ ተጨማድዶ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሎርናም አለቀሰች። እኔም ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ዕጣ ፈንታ ምን ይባላል? ከሰውየው የሚኮራበትን ወሰደበት፤ ሲወስድበት ግን ላሞቹን የሚጠራበት ነገር ያ አለመሆኑን አሳየው። ሳይደግስ አይጣላም የሚሉት ይህንን ይሆናል። የምንወዳቸው ሰዎች የሚመጡልን ጮክ ብለን ስለጠራን ይመስለናል፤ እነሱ ግን እኛ ራሳችን የማንሰማትን፣ በየቀኑ የምናደርጋትን አንዲት ትንሽ ነገር ሰምተው ከተነሱ ቆይተዋል። የእናንተን ማን ሰምቷት ይሆን?

ኦርቪል ጭኑን መታ፣ ላሞቹ ይጠብቃሉ ለማለት። ሁላችንም ጭናችንን መታንና «በሉ እንግዲህ» አልን። ከዚያ እዚያው ደጅ ላይ ቆመን አንድ ሰዓት አወራን።